ልጆች ስለ አሜሪካ አመሠራረትና ጦርነቶች የሚያነቧቸው መጻሕፍት፦ እውነቱ የቱ ጋ ያበቃል?

አሜሪካ ነጻነቷን ያወጀችበት 250ኛ ዓመት የሚታሰበው በ2026፣ ጁላይ 4 ቀን ነው። እንዲህ ያለ ክብረ በዓል ሲመጣ ስለዚያ ዘመን ለልጆች የተጻፉ መጻሕፍት በየቤተ መጻሕፍቱና በየመደብሩ ከፊት ይደረደራሉ። በዓሉ ባይኖርም በብዙ ግዛቶች ያሉ ተማሪዎች አራተኛና አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ ይህንኑ ታሪክ መማራቸው አይቀርም። በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድርያ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ከእነዚህ መጻሕፍት አንዱን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ሲመጣ፣ እናትና አባት ታሪኩን የሚያውቁት ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ነው። መጽሐፉ ዓመት ይጠቅሳል፣ ጦርነት ይተርካል፣ ጆርጅ ዋሽንግተንም ብቅ ይላሉ። ዋናው ባለታሪክ ግን በምድር ላይ ኖሮ የማያውቅ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ልጁ «ይህ የእውነት የሆነ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» ወይም «አይደለም» ብሎ መገላገል አይቻልም። መጻሕፍቱ እንዴት እንደሚሠሩ ከታወቀ ግን መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምናወራው ስለ የትኛው ዘመን ነው?

እንግሊዞች በቨርጂኒያ ጄምስታውንን የቆረቆሩት በ1607 ነው። በ1619 በምርኮ የተያዙ አፍሪካውያን እዚያው ቨርጂኒያ ደረሱ፤ በ1620 ደግሞ ሌሎች እንግሊዛውያን ፕሊመዝ ሰፈሩ። ከ1754 እስከ 1763 ብሪታኒያና ፈረንሳይ ሰሜን አሜሪካን ለመቆጣጠር ተዋጉ፤ የአገሩ ነባር ሕዝቦችም በሁለቱም ወገን ተሰልፈው ነበር። ብሪታኒያ አሸነፈች፤ ዕዳ ውስጥም ገባች። ዕዳውን ለመክፈል በ13ቱ ቅኝ ግዛቶች ላይ ቀረጥ ስትጥል ቁጣ ተነሣ፤ በዲሴምበር 1773 የቦስተን ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉ። በኤፕሪል 1775 ሌክሲንግተን ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ በ1776 ነጻነት ታወጀ፤ በ1781 ዮርክታውን ላይ የብሪታኒያ ጦር እጁን ሰጠ፤ በ1783 ፓሪስ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ መያዝ ያስፈልጋል። ነጻነት ሲታወጅ በቅኝ ግዛቶቹ ከነበሩት 2.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ጥቁር ነበር፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ በባርነት የሚኖሩ ነበሩ። ከነጮቹም መካከል ለንጉሡ ታማኝ ሆነው የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ነባሮቹ ሕዝቦችም ተከፋፍለው ነበር፤ ኦናይዳዎች ከአሜሪካኖቹ፣ አብዛኞቹ ሞሆኮች ከብሪታኒያ ጋር ቆሙ። ስለዚህ «ጦርነቱን ማን አሸነፈ?» የሚለው ጥያቄ እንኳ መልሱ እንደ ተጠያቂው ይለያያል። የልጆች መጻሕፍት ልዩነት በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሁሉም አንድ ዓይነት መጽሐፍ ነው?

አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት የታሪክ መጽሐፍ ነው፦ ደራሲው ማስረጃ ያለውን ብቻ ይናገራል፤ የሰው ንግግር ሲጠቅስም ከደብዳቤ፣ ከማስታወሻ ወይም ከፍርድ ቤት መዝገብ ወስዶ ነው። ሁለተኛው ታሪካዊ ልብ ወለድ ነው። ይህን እንደ ሸማኔ ሥራ ማየት ይቻላል፦ ሸማኔ አስቀድሞ ድሩን ይወጥራል፣ ከዚያ ማጉን በመወርወሪያ እያመላለሰ ጨርቁን ያወጣል። በታሪካዊ ልብ ወለድ ድሩ በሰነድ የተረጋገጠው ነው፤ ቀኑ፣ ቦታው፣ ጦርነቱ፣ የሻይ ሣጥኖቹ። ማጉ ደራሲው የፈጠረው ነው፤ ልጁ፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ እራት ላይ የተባባሉት። ጥሩ ደራሲ ማጉን ሲሠራ ድሩን አይበጥስም፤ ማለትም የፈጠረው ልጅ በዚያ ዘመን ሊሆን የማይችል ነገር አያደርግም።

ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ መጽሐፉ የቆመበት መደርደሪያ ነው። በአሜሪካ የሕዝብና የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ በደራሲው የቤተሰብ ስም ፊደል ተራ ይቀመጣል። የታሪክ መጽሐፍ ግን ጀርባው ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ 973 የአሜሪካ ታሪክ ነው፣ 973.3 ደግሞ የነጻነቱ ጦርነት። የሕይወት ታሪኮች ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ይደረደራሉ። ወላጅ እንግሊዝኛው ባይመቸው እንኳ ይህን ቁጥር አይቶ ልጁ የያዘው የትኛውን ዓይነት እንደሆነ ያውቃል።

ደራሲው ያን ሁሉ ዝርዝር ከየት ያመጣዋል?

ጆሴፍ ፕላም ማርቲን የሚባል የኮነቲከት ልጅ በ1776 ሲመለመል ገና 15 ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ እስኪያልቅ ተዋጋ፤ በ1830፣ በስተርጅና፣ ያየውን ጽፎ አሳተመ። የጻፈው ስለ ጀግንነት ሳይሆን ስለ ረሃብ፣ ስለ ብርድና ስለ ባዶ እግር ነው። በ1777 የታወጀውን የምስጋና ቀን ለማክበር ለእያንዳንዱ ወታደር የተሰፈረለት እፍኝ የማይሞላ ሩዝና አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ እንደነበር ይናገራል። ዛሬ ልጆች በሚያነቧቸው መጻሕፍት ውስጥ የሚራበው ወጣት ወታደር ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰው ትዝታ የተቀዳ ነው። በዚያው ክረምት ቫሊ ፎርጅ በተባለው ሰፈር ወደ 2,000 የሚሆኑ የዋሽንግተን ወታደሮች ሞቱ፤ የገደላቸው ጥይት ሳይሆን በሽታ ነው።

ማርቲን መጻፍ ይችል ነበር። መጻፍ ስለተከለከሉት ሰዎችስ እንዴት ይታወቃል? የኦና ጃጅ ታሪክ ይህን ከማንም በላይ ያሳያል፤ ለዚህም ነው ረዘም አድርጌ የምነግራችሁ።

ኦና ጃጅ በባርነት የተያዘች፣ የፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት የማርታ ዋሽንግተን የቅርብ አገልጋይ ነበረች። በዚያን ጊዜ የአገሪቱ ዋና ከተማ ፊላደልፊያ ናት። ፊላደልፊያ ያለችበት ፔንስልቬንያ በ1780 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከሌላ ግዛት የመጣ ባሪያ ከስድስት ወር በላይ እዚያ ከኖረ ነጻነቱን መጠየቅ ይችል ነበር። ዋሽንግተኖች ስድስቱ ወር ሳይሞላ በባርነት የያዟቸውን ሰዎች ከግዛቱ ያወጡና ይመልሷቸው ነበር። ኦና ለማርታ የልጅ ልጅ እንደምትሰጥ ስትሰማ፣ በሜይ 1796 ጌቶቿ ማዕድ ላይ ሳሉ ከቤት ወጣች፤ በመርከብም ኒው ሃምፕሽር፣ ፖርትስመዝ ገባች።

ወዲያው በፊላደልፊያ ጋዜጣ ማስታወቂያ ወጣ። ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ እንዳለ፣ ዓይኗ ጥቁር፣ ጸጉሯ ጎፈሬ እንደሆነ ይዘረዝራል፤ ላመጣ ሰው 10 ዶላር ይሰጣል ይላል። ትሄዳለች ብሎ የጠረጠረ እንደሌለ፣ ለመሄድም ምንም ምክንያት እንዳልነበራት ጨምሮ ይገልጻል። ታሪኩ የተጻፈው በዚህ ማስታወቂያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጆቻችን ዛሬ የሚያነቡት «በደህና ተይዛ ሳለ የጠፋች አገልጋይ» የሚል በሆነ ነበር። ነገር ግን ኦና ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1845 እና በ1847 በጋዜጣ በወጡ ቃለ መጠይቆች፣ በራሷ አንደበት ተናገረች፦ ወደ ቨርጂኒያ ብመለስ ነጻነቴን መቼም እንደማላገኝ አውቅ ነበር አለች። ዋሽንግተን ሊያስመልሷት ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም፤ በ1848 እስክትሞት ድረስ ግን በሕግ ፊት የተሰደደች ባሪያ ነበረች። የታሪክ ምሁሯ ኤሪካ አርምስትሮንግ ደንባር በ2017 ስለ እሷ የጻፈችው መጽሐፍ በ2019 ለወጣት አንባቢዎች በሚሆን መልኩ ታትሟል።

በነገራችን ላይ የዋሽንግተን ርስት የነበረው ማውንት ቨርነን ከአሌክሳንድርያ በመኪና ብዙም አያርቅም። እሳቸው በሞቱበት በ1799 እዚያ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር።

ሁሉም ሰው የሚያውቀው ታሪክ እንዴት ሐሰት ሆኖ ይገኛል?

ትንሹ ጆርጅ የአባቱን የቼሪ ዛፍ በመጥረቢያ ቆረጠ፤ ሲጠየቅም «መዋሸት አልችልም» ብሎ አመነ የሚለውን ያልሰማ ጥቂት ነው። ይህን የጻፈው መጽሐፍ ሻጭና ሰባኪ የነበረው ሜሰን ሎክ ዊምስ ነው። የዋሽንግተንን የሕይወት ታሪክ ያሳተመው እሳቸው በሞቱ ማግስት በ1800 ሲሆን የዛፉ ታሪክ ግን የገባው በ1806ቱ እትም ነው። ማስረጃ አልተገኘለትም። ሆኖም የ19ኛው ክፍለ ዘመን የትምህርት ቤት የንባብ መጻሕፍት ተቀባበሉት፤ ልጆችን ስለ እውነተኛነት ለማስተማር የተመረጠው ታሪክ ራሱ ያልሆነ ነገር ነበር።

የፖል ሪቪር ነገር ደግሞ ይበልጥ ይረቅቃል። ሪቪር በእርግጥ የነበረ ሰው ነው፤ የቦስተን ብር አንጥረኛ። በኤፕሪል 18፣ 1775 ሌሊት የብሪታኒያ ወታደሮች ወደ ኮንኮርድ ሊንቀሳቀሱ መሆኑን ለማሳወቅ በፈረስ ጋልቧል። ገጣሚው ሄንሪ ዋድስወርዝ ሎንግፌሎ ግን ከ85 ዓመት በኋላ፣ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ «ልጆች ሆይ፣ ስሙ» እያለ በጻፈው ግጥም ሪቪርን ብቸኛ ጋላቢ አደረገው፤ ኮንኮርድም አደረሰው። በእውነቱ በሌላ መንገድ ዊልያም ዶውስ ጋልቧል፤ በኋላም ሐኪሙ ሳሙኤል ፕሬስኮት ተቀላቅሏቸዋል። ሪቪር መንገድ ላይ በብሪታኒያ ቃፊሮች ተያዘ፤ ኮንኮርድ የደረሰው ፕሬስኮት ነው። በቦስተን አንድ ቤተ ክርስቲያን ማማ ላይ ለምልክት የበሩት ሁለት ፋኖሶችም የሪቪር ምልክት ለሌሎች እንጂ የሌሎች ምልክት ለእሱ አልነበሩም። «ብሪታኒያውያን እየመጡ ነው!» ብሎ ጮኸ የሚባለውም አያስኬድም፤ የዚያን ጊዜ የአገሩ ሰዎች ራሳቸውን ብሪታኒያዊ አድርገው ይቆጥሩ ነበርና። የተናገረው መደበኛ ወታደሮቹ እየወጡ ነው ብሎ ነው።

ሎንግፌሎ ለምን እንዲህ አደረገ? ግጥሙ የወጣው ደቡቦቹ ግዛቶች በባርነት ጉዳይ መገንጠል በጀመሩበት ሰሞን፣ በ1861 መባቻ ነው። ባርነትን የሚጠላው ገጣሚ አንድ ሰው ሕዝብን ከእንቅልፉ ሲቀሰቅስ ማሳየት ፈለገ። ስለ 1775 እየጻፈ ስለ 1861 ይናገር ነበር። ይህን መረዳት ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያደርሰናል።

አንዱ ጦርነት በየመጽሐፉ ለምን ይለያያል?

ደራሲው ታሪኩን የሚያሳየን በአንድ ልጅ ዓይን ነው፤ የማን ልጅ ዓይን እንደሚሆን ደግሞ የደራሲው ዘመን ይወስናል። ሦስት የታወቁ ልብ ወለዶችን እንይ።

የመጀመሪያው በ1943 የታተመው የኢስተር ፎርብስ «ጆኒ ትሬሜይን» ነው። ፎርብስ ስለ ፖል ሪቪር ለአዋቂዎች በጻፈችው የታሪክ መጽሐፍ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች፤ ስለዚህ የቦስተንን ጎዳናዎች፣ የአንጥረኛውን ሥራ፣ የወደቡን ሕይወት ጠንቅቃ ታውቃለች። ጆኒ የብር አንጥረኛ ለማጅ ነው፤ የቀለጠ ብር እጁን ያቃጥለውና ከሙያው ይወጣል፣ በኋላም ከአመፀኞቹ ጋር ይቆማል። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ነበረች። መጽሐፉ ጦርነቱን አስከፊ ቢያደርገውም ዓላማው ትክክል መሆኑን አይጠራጠርም።

በ1974 ሁለቱ ወንድማማቾች ጄምስ ሊንከን ኮሊየርና ክሪስቶፈር ኮሊየር «ወንድሜ ሳም ሞቷል» ብለው ጻፉ፤ ክሪስቶፈር የታሪክ ምሁር ነበር። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት አገሪቱን የከፈለበት ነው። ታሪኩ በኮነቲከት፣ ሬዲንግ በምትባል ከተማ ይካሄዳል። ታላቁ ልጅ ሳም ለነጻነት ሊዋጋ ይሄዳል፤ ጦርነቱን የሚቃወሙት አባቱ በብሪታኒያ የእስረኞች መርከብ ላይ ይሞታሉ፤ ሳምን ደግሞ ባልሠራው ስርቆት የሚረሽነው የገዛ ወገኑ ጦር ነው። ከቤተ መጻሕፍት እንዲነሣ ደጋግሞ አቤቱታ ቀርቦበታል። በእኔ እምነት ለልጅ ከባድ የሚሆነው ደሙ ሳይሆን፣ አባትም ልጅም እንደየራሳቸው ትክክል ሊሆኑ መቻላቸው ነው። ይህም መጽሐፉን ሊነበብ የሚገባው ያደርገዋል።

ሦስተኛው የሎሪ ሃልስ አንደርሰን «ሰንሰለቶች» ነው፤ በ2008 ታተመ። ኢዛቤል የ13 ዓመት ልጅ ናት፣ በ1776 ኒው ዮርክ ለሚኖሩ፣ ንጉሡን ለሚደግፉ ባልና ሚስት ተሸጣለች። ነጻነትን የሚሰብኩት አመፀኞች ለስለላ ይጠቀሙባታል፤ ነጻ ግን አያወጧትም። ወደ ብሪታኒያውያን ስትሄድም በር ይዘጋባታል። ይህ የደራሲዋ ፈጠራ ቢሆንም ድሩ እውነት ነው፦ የቨርጂኒያው የብሪታኒያ ገዢ ሎርድ ደንሞር በኖቬምበር 1775 ባወጣው አዋጅ ነጻነት ቃል የተገባው ለአመፀኞች ባሪያዎች ብቻ ነበር። ጌታው ለንጉሡ የታመነ ባሪያ አይመለከተውም። አንዲት ልጅ በሁለቱ ነጻነቶች መካከል የቀረችበትን ይህን ክፍተት የትምህርት ቤት መማሪያ በአንድ መስመር ያልፈዋል፤ ልብ ወለዱ ግን አንባቢውን እዚያው ክፍተት ውስጥ ያኖረዋል።

ነባሮቹ ሕዝቦችስ የት አሉ?

ለረጅም ጊዜ ከጫካ ወጥቶ ቤት የሚያቃጥል፣ ስም የሌለው ጠላት ሆነው ነው የቀረቡት። በ1941 የታተመው የዋልተር ኤድመንድስ «ማችሎክ ገን» በዋናው የልጆች መጻሕፍት ሽልማት፣ በኒውቤሪ፣ በ1942 ተሸልሟል። በ1756 አባቱ ለዘመቻ የሄደበት የአሥር ዓመት ልጅ እናቱን ለማዳን አሮጌ ጠመንጃ ይተኩሳል። የሚተኩስባቸው ሰዎች ለምን እንደመጡ፣ ምን እንደተነጠቁ አንባቢው አይነገረውም።

በዚያው የብሪታኒያና የፈረንሳይ ጦርነት፣ በ1759፣ በሮበርት ሮጀርስ የሚመሩ የብሪታኒያ ወገን ተዋጊዎች በዛሬዋ ኩቤክ የሚገኝ የአቤናኪዎች መንደር ንጋት ላይ አጥቅተው አቃጠሉ። ጆሴፍ ብሩሻክ በ2002 ያሳተመው «የክረምት ሰዎች» ይህን የሚተርከው በመንደሩ ልጅ አንደበት ነው፤ እናቱና እህቶቹ ተማርከው ተወስደዋል፣ ልጁም ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱን መጻሕፍት ተከታትሎ ያነበበ ልጅ በሁለቱም በኩል የሚቃጠል ቤትና የምትጠፋ እናት እንዳለች ያያል። ያን ጊዜ ጥያቄው ራሱ ከልጁ ይመጣል፤ ወላጅ አስቀድሞ ማስረዳት አያስፈልገውም።

ታሪኩ እውነት ሆኖ ሥዕሉ ሊያሳስት ይችላል?

ይችላል። በጃንዋሪ 2016 አንድ ትልቅ አሳታሚ ስለ ዋሽንግተን ምግብ አብሳይ ስለ ሄርኩለስ የወጣን የሥዕል መጽሐፍ በቀናት ውስጥ ከገበያ ሰበሰበ። ሥዕሎቹ በባርነት ያሉ ሰዎች ለጌታቸው ልደት ኬክ ሲጋግሩ በፈገግታ ያሳዩ ነበር። መጨረሻው ላይ ያለው የደራሲዋ ማስታወሻ ሄርኩለስ በኋላ እንዳመለጠ ይናገራል፤ ያመለጠው በ1797 ነው። ግን የአምስት ዓመት ልጅ ማስታወሻ አያነብም፤ ሥዕል ያያል።

ታዲያ ወላጅ ምን ይመልከት?

ከሁሉ አስቀድሞ የመጽሐፉን መጨረሻ። የደራሲው ማስታወሻ የሚባለው ክፍል እዚያ ነው፤ የትኛው ሰው እንደነበረ፣ የትኛው እንደተፈጠረ፣ የትኛው ቀን እንደተሸጋሸገ የሚነገረው በዚህ ነው። ኮሊየሮቹ ከመጽሐፉ ምን ያህሉ እውነት እንደሆነ የሚያብራራ ክፍል አክለዋል፤ አንደርሰንም ጥያቄና መልስ አስገብታለች። ማስታወሻ የሌለው ታሪካዊ ልብ ወለድ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ የቆዩት ብዙዎቹ የላቸውም። ማጣራቱ ግን በአንባቢው ላይ ይወድቃል። ሁለተኛ የታተመበት ዓመት ይታይ፤ ከሽፋኑ ወይም ከአርእስቱ ገጽ ጀርባ አለ። የ1941 መጽሐፍና የ2002 መጽሐፍ ስለ አንድ ጦርነት ቢጽፉም የተጻፉት ለተለያየ ትውልድ ነው።

ዕድሜ ይለያል። የሥዕል መጻሕፍቱ በአብዛኛው ከአምስት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ናቸው። «ሰንሰለቶች» ውስጥ ኢዛቤል ፊቷ ላይ በጋለ ብረት ትተኮሳለች፤ «ወንድሜ ሳም» ውስጥ ግድያው በዓይን ፊት ይፈጸማል። እነዚህን አሥርና ከዚያ በላይ ለሆነ ልጅ፣ እነዚያን ምዕራፎች ወላጁ አስቀድሞ አንብቦ ቢሰጥ መልካም ነው። እንግሊዝኛው የከበደው ወላጅ ልጁን ምዕራፉን በአማርኛ እንዲተርክለት ቢጠይቀው ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ልጁ ያልገባው ቦታ ሲተርክ ይታወቃልና።

ከትምህርት ቤት የመጣው አንድ መጽሐፍ ብቻ ከሆነ ጥንዱን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነጻ መዋስ ይቻላል። የልጆች ክፍል ሠራተኛዋን «ስለዚሁ ጦርነት በሌላ ወገን ልጅ የተተረከ አለ?» ብላችሁ ጠይቋት፤ በቅርንጫፉ ከሌለ ከሌላ ቅርንጫፍ ታስመጣላችኋለች።